የልጅ ውርስ ለሰላም ይሰጣልን?

አባት ለሰላም ሲል የልጁን ውርስ አሳልፎ ቢሰጥ መልካም አደረገ እንላለን ወይስ በደለ? የእንግሊዙ ንጉሥ የ6ኛው ሄንሪ ታሪክ ይህን ጥያቄ ያስነሣብናል።

ሄንሪ የላንካስተር ቤት ተወላጅ፣ ጸሎተኛና ጠብ የማይወድ ሰው ነበር። የዮርኩ መስፍን ሪቻርድ ግን ከ3ኛው ኤድዋርድ የሚወርደውን የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ ዘውዱ የእኔ ነው አለ። በኦክቶበር 1460 እ.ኤ.አ. በፓርላማ ስምምነት ተደረገ፤ ሄንሪ ዕድሜውን ሙሉ ይነግሣል፣ ሲሞት ግን ዘውዱ ለሪቻርድና ለዘሩ ይተላለፋል። የሄንሪ ልጅ ኤድዋርድ የ7 ዓመት ሕፃን ነበር፤ እርሱን የጠየቀው የለም።

እርግጥ ንጉሡ ያን ጊዜ በዮርኮች እጅ ስለነበረ በነጻ ፈቃዱ ተስማማ ማለት ያስቸግራል። ቢሆንም የራሱን ዘውድ አውልቆ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ባመሰገንነው። እርሱ ግን የራሱን ይዞ የልጁን ሰጠ።

ንግሥት ማርጋሬት ውሉን አልተቀበለችም። እናት ናትና አንፍረድባት እንበል፤ ለልጇ ብላ ያሰለፈቻቸውስ የማን ልጆች ናቸው? ሪቻርድ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 30 ቀን ዌክፊልድ ላይ ተገደለ። በ1461 በሆሣዕና ዕለት ቶውተን ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ የሪቻርድም ልጅ ድል አድርጎ ዘውዱን ያዘ። ያ የ7 ዓመት ሕፃን በ1471 በቴውክስበሪ ጦርነት በ17 ዓመቱ ወደቀ። አባቱም በዚያው ወር በለንደን ግንብ እንደታሰረ ሞተ።