ጀናዛ በስልክ አይሸኝም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን የገዛ ነፍሴን ለመተሳሰብ ነው።

የሰፈራችን ተወላጆች በቴሌግራም የምንገናኝበት ጀመዓ አለን። ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከጅዳ፣ ከዋሽንግተን እንሰላለምበታለን። የልጅነታችን መንዙማ፣ የቁርኣን ቤት ትዝታ፣ የረመዳን ሾርባና ሳምቡሳ ሳይቀር ይነሳበታል። (በየጁምዓው የሚላከውን የጽጌረዳ ሥዕል ግን ማን እንደሚያነበው አላህ ይወቀው!)

ባለፈው ወር የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ወደ አኼራ መሄዱ በዚያው ተነገረ። እኔም «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሰው ጽፎ ስላየሁ ልቤ ረካ። የእናቲቱ ቤት ከቤቴ ሦስት አጥር ቢያልፍ ነው። ጀናዛው ከዙህር በኋላ ሲወጣ ግን አልነበርኩም።

ጅዳ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እህታችን ደግሞ አሠሪዎቿ እስኪተኙ ጠብቃ ለእናቲቱ ደወለችላቸው። አብራቸው አለቀሰች፣ ዱዓ አደረገች፣ በማግስቱም ደገመች። ታዲያ ከሁለታችን ጉርብትናን የቀጠለው ማን ነው?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም በሙስሊም ላይ ስድስት መብት እንዳለው ማስተማራቸውን ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ሰላምታና ምክር በስልክም ይደርሳል፤ ሩቅ ላለ ሰው በሽተኛን መጠየቅም እንዲሁ። ጀናዛን መሸኘት ግን ትከሻ ይፈልጋል፣ እግር ይፈልጋል። ሰግዶበት እስኪቀበር የቆየ ሰው ሁለት ቂራጥ ምንዳ እንዳለው፣ ይህም ሁለት ታላላቅ ተራሮችን እንደሚያህል በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በአውራ ጣት ጽፎ ይህን ያገኛል ያለ ዓሊም እስካሁን አልሰማሁም።

አንዳንድ ወንድሞች መፍትሔው ስልኩን መጣል ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። የጅዳዋ እህታችን ያለ ስልክ በምን ታጽናናቸው ነበር? በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ በተነሳው የሙስሊሙ የመብት ጥያቄ ጊዜም «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው የፌስቡክ ገጽ መልእክቱን ያደርስ ነበር። ሕዝበ ሙስሊሙ ግን ጁምዓ ቀን አንዋር መስጊድ የተገኘው በእግሩ ነው። ያ ጽሑፍ ሰውን ከቤቱ አስወጣ፤ የእኔው ጽሑፍ እቤቴ አስቀመጠኝ።

በአራተኛው ቀን እያፈርኩ ሄድኩ። ብዙ ዑለማዎች ተዕዚያ ሦስት ቀን ነው ማለታቸውን አውቃለሁ። እናታችን ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ? ስትቀርብኝ አሞህ መስሎኝ ሰው ልልክብህ ነበር» አሉኝ።