መጠን ቢያንስ ፍርድ ያንሳልን?

የሰው ልጅ ታላቁን ነገር አሳንሶ መሥራት ይወዳል። ሕፃን ከጭቃ በሬ ይሠራል፤ ዐዋቂም ሕንፃ ከማነጹ በፊት ምሳሌውን በትንሹ ያበጃል። የጦር አይሮፕላንን አሳንሶ መሥራት ግን ከእጅ ጥበብ አልፎ የኅሊና ጥያቄ ያስነሣል፤ የመግደያን መሣሪያ አሳምረን ብንሠራው፥ ግድያውን ማሳመራችን ይሆንን?

እስቲ በሐይቅ ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ ፊያት ሲ አር 42 የተባለውን ባለ ድርብ ክንፍ የጣልያን ተዋጊ አይሮፕላን ሞዴል ይሠራል እንበል። ይህ አይሮፕላን በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. በአገራችን ሰማይ የተዋጋ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 9 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፥ በ72 እጅ ሲያንስ 13 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ በዚያው ልክ ከአጠገቡ የሚቆመው ሰው ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል አያልፍም። ልጁ ክንፉን በሙጫ ያያይዛል፥ ቀለሙን ይቀባል፥ በእጁም ሥራ ይደሰታል። ትዕግሥትንና ልክ ማወቅን ያስተምረዋልና ደስታው ነውር የለበትም።

ነገር ግን ሰውን በማሳነስ የሞዴል ሠሪው የመጀመሪያ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ከሐይቅ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደሴ በጣልያን ቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች ስትደበደብ፥ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ከአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ቍልቍል ለሚመለከት አብራሪ ሰው ከጉንዳን አይበልጥም፤ እናት ትሁን ሕፃን መለየት አይቻለውም። እጁ እንዳይንቀጠቀጥ የረዳው ይኸው የሰው ማነስ ነው ብንል፥ ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በዚያው በሐይቅ፥ በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ባስተማሩበት በእስጢፋኖስ ገዳም፥ መጻሕፍት በእጅ ሲገለበጡ ኖረዋል። አንዲት መስመር የዘለለ ቁም ጸሐፊ ፊደሉ ቢያምርም ቅጂው ጎደሎ ነው። እንደዚሁም የክንፉን ምስማር ሳይቀር የቈጠረ ልጅ፥ ከእንደዚህ ያለ ክንፍ የወረደውን መከራ ከዘነጋ ሥራው አልተፈጸመም።

ይህ ቂም ማስተማር ነው የሚሉን ይኖራሉ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፥ መርሳት የበዳይ ዕድል እንጂ የተበዳይ መድኃኒት አይደለም፤ ይቅርታም ቢሆን የሚደረገው ለታወቀ በደል ነው።

ስለዚህ መምህሩ ሞዴሉን ከልጁ እጅ አይቀማ። ይልቁንስ ያን ዘመን ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙትን የአምባሰል አረጋውያን እንዲጠይቅ ይላከው፤ የሰማውንም ጽፎ ከሞዴሉ ሥር ያኑር። አይሮፕላኑ በጠረጴዛ ላይ ይነስ፤ ሰው ግን በኅሊናችን በሙሉ ቁመቱ ይቁም።