«እንኳን አደረሳችሁ» ስንል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፤ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

ይህን ሰላምታ በዛሬው ዕለት ስንት ጊዜ እንደምንናገረው ቆጥረን አናውቅም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለማናውቀው ሰው እንለዋለን፤ በር ላይ ለተገናኘን ጎረቤት እንለዋለን፤ ስልክ አንስተን ሩቅ ላለ ዘመድ እንለዋለን። አፋችን ስለለመደው ግን ልባችን አብሮት መሄዱን ትቶአል። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እናት እስኪያስተምሩኝ ድረስ ቃሉን ሳላስተውል ስናገረው ኖሬአለሁ። ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

«አደረሰ» የሚለው ቃል መንገድን ያስታውሳል። የሚደርስ ሰው ተጓዥ ነው። «አደረሳችሁ» ስንል ደግሞ በራሳችሁ ጉልበት አልደረሳችሁም፣ ያደረሳችሁ አምላክ አለ ማለታችን ነውና ይህ ምስጋና ነው። ሰላምታውን የሚቀበለውም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይላል፤ ምስጋናውን ለብቻው አይወስደውም፣ ይካፈለዋል። ሽማግሌዎች ደግሞ በዚህ ሳያበቁ «ለከርሞው በሰላም ያድርሰን» ብለው ይመርቃሉ፤ ይህ ተስፋ ነው። ስለዚህ በአንዲት አጭር ሰላምታ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፤ ስላለፈው ምስጋና፣ አጠገባችን ስላለው ሰው ፍቅር፣ ስለሚመጣው ተስፋ።

የበዓሉም ጠባይ እንዲሁ ነው። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የጾምነው ጾም ጾመ ነቢያት ይባላል። ኢሳይያስ ከድንግል ስለሚወለደው ሕፃን፣ ሚክያስም በትንሽነቷ ከምትታወቀው ከቤተ ልሔም ስለሚወጣው ገዥ አስቀድመው ተናግረዋል (ኢሳ. 7፤ ሚክ. 5)። የተናገሩትን ግን በሥጋ ዓይናቸው ሳያዩ አለፉ። ሳያዩ ጠበቁ፤ ሳይቀበሉ አመሰገኑ። እኛ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን የምናከብረው እነርሱ በሩቅ የተሳለሙትን ነው። እንግዲህ የልደት ደስታ ሆድ ከሞላ በኋላ የሚመጣ ደስታ ሳይሆን ከብዙ መጠበቅ በኋላ የመጣ ደስታ መሆኑን እንወቅ።

ቅዱስ ሉቃስ እንደጻፈልን አውግስጦስ ቄሣር ሕዝብ እንዲቆጠር ባዘዘ ጊዜ ዮሴፍ እመቤታችንን ይዞ ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም ወጣ። መንገዱ ረጅም ነበር፤ የመውለጃዋም ቀን ቀርቦ ነበር። ደረሱ፤ የደረሱበት ስፍራ ግን አልተቀበላቸውም። ማደሪያው ሞልቶ ስለነበር የዓለም ጌታ በግርግም ተኛ (ሉቃ. 2)። በዚህ ላይ ትንሽ እናስብ። ቤተ ልሔም በዚያች ሌሊት በጌታ ላይ በጥላቻ በሯን ዘጋች ተብሎ አልተጻፈም። የሞላች ከተማ ነበረች። ሰው ሁሉ ለራሱ ጉዳይ መጥቶ፣ በራሱ ጉዳይ ተይዞ ነበር። ጌታ ውጭ የቀረው በቦታ ጥበት ነው። እኛም ብዙ ጊዜ ሰውን ውጭ የምናስቀረው ክፉዎች ስለሆንን ሳይሆን የሞላን ስለሆንን ነው።

ቤተ ልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ከመቅደሱ በስተ ምሥራቅ ያለችውን፣ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባትን ትንሽ ቤት አባቶቻችን በዚሁ ስም ጠርተዋታል። ብዙዎቻችን በአጠገቧ እናልፋለን፤ ዘወር ብለን ግን አናያትም። እንደ መቅደሱ ግርማ የላትም። ነገር ግን ወደ መንበሩ የሚቀርበው ኅብስት ከእርሷ ይወጣል። አባቶቻችን በዚህ ያስተማሩን፣ ጠባብ ቤት ለእግዚአብሔር ሥራ እንደሚበቃ ነው።

የእኛም ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልደት ነው። ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት የሚከበርበት የልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ለአካባቢው ሁሉ ስሙን ሰጥቶታል። የቦሌው አውሮፕላን ማረፊያ ከመከፈቱ በፊትም የከተማይቱ ማረፊያ በዚሁ በልደታ ነበር፤ በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዚሁ ሜዳ ይገለገል ነበር። በአየር የመጣ እንግዳ አዲስ አበባን በመጀመሪያ የሚረግጣት በእኛ ሰፈር ነበር ማለት ነው። ዛሬ ያ ሁሉ ተለውጧል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቆዩት ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ፎቆች ተሠሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቀላል ባቡሩ በሰፈራችን ማለፍ ጀመረ። አንድ ግቢ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ ማድ ቤት የነበራቸው ጎረቤቶች አንዳንዶቹ እዚሁ ፎቅ ላይ ወጡ፤ ሌሎቹ ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ለልደት ሌሊት ግን ወደ ቀድሞ ደብራቸው የሚመለሱ አሉ። አስተማሩኝ ያልኋቸው እናት ከእነዚህ አንዷ ናቸው።

ያን ዓመት አባቴ ከሥራ ከወጣ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። በቤታችን ስለ ገንዘብ መነጋገር አቁመን ነበር፤ መነጋገሩ የሚጨምረው ነገር ስላልነበረ። ለፍስኩ ዶሮ አልተገዛም፤ እናቴ ጥቂት እንቁላልና ግማሽ ኪሎ ሥጋ ብቻ ነበር ያገኘችው። እኔም ለሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ስለምለብሰው ያረጀ ነጠላ አኩርፌ ነበር። በዋዜማው ማታ በሩ ተንኳኳ። በቀድሞው ግቢያችን ግድግዳ የሚያዋስኑን እትዬ ነበሩ። ሁለት ታክሲ ቀይረው መጥተው፣ ከቅዳሴ በኋላ እስኪነጋ ድረስ የሚጠጉበት ቤት ፈልገው ነው።

እናቴን ወደ ማድ ቤት ጠርቼ «የት ሊተኙ ነው? ለአምስታችንም የማይበቃ ቤት ነው፤ ቦታ የለንም እኮ!» አልኳት።

እናቴ ድስቱን ከምድጃው አወረደችና «ልጄ፣ ሌላ ቀን በለው። ዛሬ ማታ ግን ይህን ቃል በዚህ ቤት እንዳትናገር» አለችኝ።

ለጊዜው አልገባኝም። ተቆጥቼ ወጣሁ። ሌሊት ግን ሰባኪው ስለ ዮሴፍና ስለ እመቤታችን ሲናገር፣ ስለ ሞላው የእንግዶች ማደሪያም ሲያነሣ፣ ከመዘምራኑ መካከል ቆሜ ፊቴ በኀፍረት ጋለ። ለካ የቤተ ልሔምን ሰው ቃል የተናገርሁት እኔ ነበርሁ። ያውም በልደት ዋዜማ፣ ያውም በልደታ።

ከቅዳሴ ተመልሰን ማዕዱ ሲቀርብ እትዬ ከጉያቸው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ሁለት ጭብጥ ቡና ነበር። በቤታችን ቡና ካለቀ ሳምንታት ሆኖት ነበርና እናቴ ዓይኗ እንባ ሞላ። ቡናው ተቆላ፤ ጢሱ በደረጃው ሲወርድ ጎረቤት መጣ። አባቴ ለብዙ ወራት ሲስቅ አላየሁትም ነበር፤ ያን ዕለት ስለ ድሮው ግቢ ሲጫወቱ ሳቀ። እትዬም ስኒያቸውን ይዘው እንዲህ አሉ፤ «ባለቤቴን በሐምሌ ቀብሬአለሁ። ዓመቱን ከጠየቃችሁኝ ክፉ ነበር። ግን ለብቻዬ አላደረሰኝም፤ እናንተን ሰጥቶ አደረሰኝ። ተመስገን። ለከርሞውም በሰላም ያድርሰን።»

ያን ጊዜ ነው ሰላምታው የገባኝ። አባቴ በማግስቱ ሥራ አላገኘም፤ ያገኘው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ይህን የምናገረው እንግዳ የተቀበለ ሰው ወዲያው ሁሉ ነገር ይሟላለታል የሚል ትምህርት እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። ምስጋና ክፉውን መልካም ብሎ መጥራት አይደለም። እትዬ ዓመቱን ክፉ ነበር ብለው በግልጽ ተናግረዋል። በክፉው ዓመት ውስጥ ግን ያልተለያቸውን አምላክ አወቁ። እረኞቹም መልአኩን ካዩ በኋላ የተመለሱት ወደዚያው በግ ጥበቃቸው ነው፤ ሌሊቱም ብርዱም አልተለወጠም፤ እነርሱ ግን እያመሰገኑ ተመለሱ። ቅዱስ ማቴዎስ እንደሚነግረን ሕፃኑ ጌታም ብዙ ሳይቆይ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብጽ ተሰደደ (ማቴ. 2)። የልደት ተስፋ መከራን ያላየ ተስፋ አይደለም።

ከመካከላችን «ለእትዬስ እሺ፤ የሚላስ የሚቀመስ ለሌለው ሰው ግን እንዴት እንኳን አደረሰህ ይባላል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አገራችን በትልቁ የተጠየቀችው በ1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር በኮረም በረኀብ ያለቀው ወገናችን ሥዕል በቴሌቪዥን ለዓለም ታየ። በኅዳርም ቦብ ጌልዶፍ የተባለው አየርላንዳዊ ሙዚቀኞችን በለንደን አሰባስቦ ለተራቡት መርጃ የሚሆን ዘፈን አስቀረጸ። የዘፈኑ ርእስ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ፣ እነዚያ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቃሉን? የሚል ጥያቄ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ በአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስብከት ክርስትናን ለተቀበለች አገር ይህ ጥያቄ የሚያስገርም ነው። ኮረም የነበሩት ወገኖቻችን ልደትን ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር። ይሁን እንጂ በጥያቄው ከመሳቅና ከመቆጣት በፊት እጁን ለዘረጋልን ሁሉ ምስጋና ይገባል። ከዚያም ጥያቄውን ወደ ራሳችን እንመልሰው። የተራበውስ ገናን ያውቃል፤ የጠገብነው እኛ ገና መሆኑን እናውቃለን? ከግድግዳችን ማዶ ያለው ጎረቤት ምድጃው ሳይነድ በዓሉን እየዋለ ከሆነ፣ «እንኳን አደረሰህ» ያልነው ቃል በእኛ ላይ ይመሰክርብናል። እንኳን አደረሰህ የሚባለው ሰው የደረሰበትን ቤት የሚያገኘው ከእኛ ነውና።

አባቶቻችን ይህን በሥራ አሳይተውናል። ለልደት ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ምእመን ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ ሲደርስ፣ የአገሩ ሰዎች እግሩን አጥበው፣ ካላቸው አካፍለው የመቀበል ልማድ አላቸው። ከዚያ በኋላ ነው በቤተ ማርያም ካህናቱ ቤዛ ኵሉ የሚያቀርቡት። ከዝማሬው በፊት የእግር ውኃ ይቀድማል ማለት ነው። ዝማሬያችን እንዲያምር የምንደክም እኛ መዘምራን ይህን ሥርዓት ልብ እንበል።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ በዓል የሚቻለንን እናድርግ። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን የቀረ አባል ካለ ለምን ቀረ ብለን ከማማት ሄደን እንየው። ከሰፈራችን በማይርቁት በጥቁር አንበሳና በባልቻ ሆስፒታሎች ከክፍለ ሀገር መጥቶ ጠያቂ ያጣ በሽተኛ አይጠፋምና ከበዓሉ እንጀራችን ጥቂት ይዘን እንጠይቀው። ከቀድሞ ግቢያችን ርቀው የሄዱትን እናቶችና አባቶች ስልካቸውን ፈልገን እንደውልላቸው፤ ለልደት ሌሊት ሲመጡም ቅጥር ግቢ ውስጥ በብርድ ከሚያድሩ ቤታችን እንውሰዳቸው። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትንሽ መጠጋጋትን ነው። እኔ ያን ሌሊት መሬት ላይ አንጥፌ ተኝቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ግን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

በግርግም ለመተኛት ያልናቀ አምላክ ጠባቡን ቤታችንንና ጠባቡን ልባችንን አይናቅብን። ባለፈው ዓመት ላደረሰን ምስጋና ይሁን፤ ያዘኑትን ያጽናና፤ ሥራ ላጡት ሥራ፣ ለታመሙት ምሕረት፣ ለአገራችንም ሰላም ይስጥልን። ለከርሞውም አብሮ ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።