ላቡን ለማሽኑ፣ ጥበቃውንስ ለማን?

ሥራ የአዳም ቅጣት ነው የሚል ሰው ኦሪት ዘፍጥረትን ከሦስተኛው ምዕራፍ የጀመረ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ገና ዕፀ በለስ ሳይቀጠፍ፣ ሰው በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነበር። ላብ የመጣው ኋላ ነው። ስለዚህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፋብሪካ ገባ ተብሎ «የሰው ክብር ተነካ» ማለት ላብንና ሥራን ማምታታት ይመስለኛል። (እንጀራ ማጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቀላልም አይደለም።) ማሽን ላባችንን ቢወስድ ቅጣታችንን ወሰደ፤ ማበጀቱንም ሊያግዘን ይችላል። የሚያሳስበው ጥበቃው ነው፤ ጠባቂ ማለት ስለጠበቀው ነገር የሚጠየቅ ነውና። ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጣው የሽመና ማሽን ይህን ድንበር ያከበረ ነበር፦ ድርና ማጉን ራሱ እያሰናኘ ይሠራል፣ ክር ሲበጠስ ግን ቀጥ ብሎ ሰው እስኪመጣ ይቆማል። ኋላም በቶዮታ ፋብሪካ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ የሚጎትተው ገመድ ተዘረጋ።

የዛሬው ካሜራ ከሰው ዓይን አብልጦ ስንጥቅ ያያል፣ አይደክመውም፣ ታዲያ ለምን እሱ አይጠብቅም? የሚል ይኖራል። ማየትና መጠየቅ ግን ለየቅል ናቸው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ባለቁበት የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ላይ የነበረው ሥርዓት ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንኳ አይባልም፤ ተራ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ የመጣለትን የተሳሳተ መረጃ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፈቀ። የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ አላጠፋም፤ ኃጢአትም ንስሐም የለበትም። ለሟች ቤተሰቦች በፍርድ ቤት ኃላፊነቱን የተቀበለው አምራቹ ነው።

«እንግዲያው ከማሽኑ ጎን ሰው ይቀመጥ» የሚለው መልስ አያጠግበኝም። በአውሮፕላኑም ላይ አብራሪዎች ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው 737 ማክስ እስኪወድቅ ድረስ ግን ስለዚህ ሥርዓት በአብራሪዎቹ መመሪያ አልተጻፈም ነበር። ያልተነገረውን ምን ብሎ ይጠብቃል? ከመረጃ ራሳቸው የሚማሩት የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ደግሞ ለምን እንደወሰኑ ሠሪዎቻቸውም ብዙ ጊዜ በቅጡ ማስረዳት ያቅታቸዋል። ምክንያቱን ሳያውቅ፣ ለማጣራትም ጊዜ ሳይሰጠው በኮምፒውተሩ ውሳኔ ሥር እንዲፈርም የሚደረግ የፋብሪካ ተቆጣጣሪ፣ ነገ ለጥፋቱ ተጠያቂ እንዲሆን ስሙ ተመዘገበ እንጂ ገመዱን ማንም አላስጨበጠውም።