«አለ» ወይስ «የለም»?

«አለ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ሰው እቤት መኖሩንም፣ በሕይወት መኖሩንም የምንጠይቀው በእሱው ነው። «አባትህ አሉ?» ሲሉን ጠያቂው የቱን ማለቱ እንደሆነ ካልገባን የምንመልሰው ይጠፋናል። «የለም»ም እንደዚያው ነው። በደህናው ጊዜ ይህ ከጨዋታ አያልፍም። በእስር ቤት ደጃፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አንዲት የእንጅባራ እናት እናስብ። ልጇ ከሥራ ቦታው ተወስዷል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ስትጠይቅ «እኛ ዘንድ የለም» ይሏታል። «ምናልባት ዳንግላ ይሆናል» ብሎ ጎረቤት ሹክ ይላታል። ስንቋን ቋጥራ፣ አዲስ ቅዳምን አልፋ ዳንግላ ትደርሳለች። ዘቡ ዝርዝር እንኳ ሳያይ «የለም» ይላታል። እሱ «እዚህ የለም» ማለቱ ይሆናል። እሷ የሰማችው ግን ሌላውን ነው።

ሴትዮዋን እኔ ፈጠርኳት እንጂ ነገሩን ከመሬት ተነሥቼ አላመጣሁትም። መስከረም 18 ቀን 2017 በአማራ ክልል የጅምላ እስር ሲጀመር አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተያዙት በሺዎች እንደሚቆጠሩ ገልጾ ነበር፤ ከታሳሪዎቹ መካከል ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና መምህራን፣ ከማጎሪያዎቹም መካከል ዳንግላ ተጠቅሰዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በአንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ፣ ወዳጆቹ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት እንደሚችሉ ይደነግጋል። ያለበት ያልታወቀን ሰው ግን ማን ይጎበኘዋል? ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ አንቀጽ 93 ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት እንኳ፣ ብዙው መብት በሚታገድበት ሰዓት፣ መርማሪ ቦርዱ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው አዋጅ ደግሞ በ2016 ግንቦት ማብቂያ ላይ ጊዜው አልፎ ነበር። እንግዲህ የመስከረሙ እስር የተፈጸመው አዋጅ በሌለበት፣ ማለትም ሕጉ ያለ ቅናሽ በሚሠራበት ጊዜ ነው።

ይህ የአንድ መንግሥት አመል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበኝ። የጎጃሙ ተወላጅ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ታሰሩ፤ በ1971 ተገደሉ። አፅማቸው የተገኘው በ1984 ነው። ደራሲው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ መቃብሩ አልታወቀም። በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰብ መርዶውን የሰማው በስንቅ በኩል ነበር፦ «ከእንግዲህ አታምጡ» ሲባል። ጭካኔ ነው፤ ቢሆንም መልስ ነበር። መልስ ያጣ ሰው ድንኳን አይተክልም፣ ተዝካር አያወጣም፣ ሙት ዓመት አይቆጥርም። በአዊ ለቅሶ ላይ ፈረሰኛ ይወጣል፤ ግን «የለም» ለተባለ ሰው ፈረስ የሚጭን ማን ነው?

«ምርመራ ምስጢር ይፈልጋል፤ ግብረ አበሮቹ ይሸሻሉ» የሚል ክርክር አለ። ላፍታ እውነት ነው ብለን እንቀበለው። ግብረ አበር ካለው፣ ሰውየው መያዙን ማንም ሳይነግረው በማግስቱ ያውቃል፤ ከቀጠሮው ቀርቷላ! ሳታውቅ የምትቀረው እናቱ ብቻ ናት። ደግሞም እናቲቱ ማስረጃውን አሳዩኝ አላለችም፤ ንጹሕ ነው ብላም አልተከራከረች። ወንጀለኛ ቢሆን እንኳ ወንጀለኛነቱ የት እንዳለ የማወቅ መብቷን አያጠፋውም። የሞት ፍርደኛም አድራሻ አለው።

የዘቡን ነገር ግን በዋዛ አላልፈውም። እሱም ልጆች የሚያሳድግ ደመወዝተኛ ነው። ትእዛዙን ጥሶ «አዎ፣ እዚህ ነው» ይበል ብዬ ከዚህ ከተመቸ ወንበሬ ላይ ሆኜ ብፈርድበት አላፍርምን? ሆኖም ታዝዞ ዝም በማለትና ታዝዞ በመዋሸት መካከል ጠባብ መተላለፊያ ያለ ይመስለኛል። ዝምታው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ውሸቱ ግን ከአፉ የሚወጣ የራሱ ነው። «እናቴ፣ ልነግርዎ አልተፈቀደልኝም» ቢላት ትእዛዝ አላፈረሰም፤ አልዋሸምም። እናቲቱ ትቆጣ ይሆናል፤ ትረግመውም ይሆናል። ነገ ስንቅ ለመቋጠር ግን ምክንያት አላት።