በሁለት ወገን ስለ መቀበል

ወንድሞቼ ሆይ፤ በመርካቶ ውላችሁ የምትገቡ ነጋዴዎችና ደላሎች፥ ልብ በሉ። ከገዢም ከሻጭም በስውር የሚቀበል ሰው ሁለቱንም ሸጠ። እኔም ሳላምን በፊት በገበያ አስተርጓሚ ሳለሁ ይህን አድርጌአለሁ፤ የተታለለው ባላገር ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ዕቃ በዚህ ገበያ ብዙ ዘመን ተሸጦአልና፥ ከአንድ የምድር ባቡር ጠበቃ ምሳሌ ላምጣ። አብርሃም ሊንከን የአሜሪካ መሪ ከመሆኑ አስቀድሞ በኢሊኖይ ጠበቃ ነበረ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1853 ዓ.ም. ኢሊኖይ ሴንትራል የተባለው የባቡር ኩባንያ ከአውራጃዎች ጋር በግብር ተከራከረ። ሻምፔይን የተባለው አውራጃ ሹም ስለዚሁ ነገር ሊንከንን አስቀድሞ አነጋግሮት ነበር። ሊንከንም ወደ ባለጠጋው ኩባንያ በስውር አልተሻገረም፤ ቅድሚያው የአውራጃው እንደ ሆነ፥ ኩባንያው ከሚከፍለው የሚቀራረብ ዋጋ እንደሚሻም በግልጥ ጻፈለት። ከዚያ በኋላ ለባቡሩ ቆመ፤ በ1856ም ኩባንያው ረታ። 5,000 ዶላር ዋጋ ጠየቀ፤ ኩባንያው እንቢ ባለ ጊዜ በ1857 ከሶ አስፈረደበት። ከዚያም በኋላ ለዚያው ኩባንያ መቆሙን አልተወም።

እንግዲህ ዋጋ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም፤ ኃጢአቱ መሰወሩ ነው። ጌታችን ስለ ሁለት ጌቶች ያስተማረውን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 24 አንብቡ። ነገ ሱቅ ስትከፍቱ፥ ከማን ምን እንደምትቀበሉ በሁለቱም ፊት ተናገሩ። በስውር የወሰዳችሁት ካለ፥ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ መልሱ። እኔ ያን ባላገር ብፈልገው አላገኘሁትም።