ቀባሪ አያሳጣህ

ከምርቃቶቻችን ሁሉ «ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለውን ለውጭ አገር ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ምርቃት ውስጥ መቃብር ምን ያደርጋል? እኛ ግን ይገባናል። ወላጅ ፊት፣ ልጅ ኋላ፤ ተራው እንዳይዛባ ነው ልመናው። እንግዲህ አንዲት እናት ይህን ተራ ገልብጣ «አምላኬ፣ እሱን ከእኔ አንድ ቀን ቀድመህ ውሰድልኝ» ብላ ስትጸልይ ብትሰሙ ምን ትሏታላችሁ?

እንዲህ የሚጸልዩ እናቶች አሉ። አባቶችም አይጠፉም፤ ወንድ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ አይጸልይም። እኔ የማውቃት እናት ልጇ 23 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ጸሎቷን ያጫወተቻቸው ጎረቤት «ኧረ በስመአብ! ንስሐ ግቢ» አሏት። ሴትዮዋ ክፉ ሆነው አይደለም። በገዛ ልጅ ላይ ሞት መለመን በየትኛው ሃይማኖት ያጸድቃል?

እኔ ግን ጸሎቱን ከመኮነን በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ይህ ልጅ ውሃ ሲጠማው «ውሃ ትፈልጋለህ?» ይላል። እናቱ ስትጠይቀው የሰማውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ አንስቶ ነው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ ኦቲዝም በጻፈው ታዋቂ ጥናቱ ይህንኑ የ«እኔ»ና የ«አንተ» መቀያየር መዝግቦታል። በእንግሊዝኛ የሚቀያየረው ተውላጠ ስሟ ናት፤ በአማርኛ ግን ግሱ ራሱ ነው ባለቤቱን አዝሎ የሚዞረው። (የድሮ መምህርነቴን ይቅር በሉኝ።) ስለዚህ ቤት የመጣ እንግዳ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ሲባል፣ «አንተ» መባሉን ይቅር ብሎ፣ «አይ፣ ይመስገን፣ ጠጥቻለሁ» ይላል። ልጁ ይደግማል። እንግዳው ያመሰግናል። ሦስተኛው ላይ ልጁ ይጮሃል፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ያጋጫል። እንግዳው ደግሞ «ተነሣበት መሰለኝ፣ ጠበል ብትወስዱት» ብሎ ይመክራል። ልጁ እኮ ጠምቶት ነበር!

ይህን ቋንቋ በዓለም ላይ የምትችለው አንዲት ሴት ብቻ ናት። የታክሲ ረዳት ሲጣራ ለምን ጆሮውን እንደሚደፍን፣ ወጡ እንጀራው ላይ ከፈሰሰ ለምን እንደማይበላ፣ አዲስ ሸሚዝ ኮሌታው ላይ ያለችው ቁራጭ ጨርቅ ካልተነሣች ለምን አውልቆ እንደሚጥለው፣ ሁሉም ያለው እሷ ራስ ውስጥ ነው። እሷ ስትሞት አስተርጓሚውም አብሮ ይቀበራል። ጸሎቷ ለእኔ ሒሳብ ሆኖ ነው የሚሰማኝ። ከእሷ በኋላ ልጇን የሚረዳውን ሰው ዙሪያዋን ቆጠረች፤ ዜሮ መጣላት።

በእናት ላይ መፍረድ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። እኛ ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው፣ የእናቱ ኃጢአት ነው ስንል፣ ቺካጎ ላይ ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለ ስመ ጥር ፕሮፌሰር በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጥፋቱን በወላጆች፣ በተለይም በእናቶች ቅዝቃዜ ላይ ላከከው። ብዙ ሰው አመነው። ከዚያ በፊት በ1964 እ.ኤ.አ. በርናርድ ሪምላንድ፣ እሱም የሥነ ልቦና ባለሙያና የኦቲዝም ልጅ አባት፣ ነገሩ ከአንጎል እንጂ ከእናት ፍቅር ማጣት የመጣ አለመሆኑን ጽፎ ነበር። ዛሬ ጥናቱ የሪምላንድን ወገን ደግፎ ቆሟል። እስከዚያው ግን ጠንቋዩም ፕሮፌሰሩም አንድ በር ላይ ተገናኙ፤ የእናትየው በር ላይ።

በአገራችን ዝምታውን በአደባባይ ከሰበሩት መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ መነሻቸው የገዛ ልጃቸው ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. አረፉ፤ ማዕከሉ ግን ከእሳቸው በኋላም ቀጠለ። ከሥራቸው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይኸኛው ነው። ታዲያ ኦቲዝም ሲባል ሁላችንም የሚታየን ሕፃን ነው። ሕፃኑ ጢም ያበቅላል።

«እህቱ አለችለት አይደል?» ይላሉ ሰዎች። እዚህ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አንስማማም። እህት በፈቃዷ ብትይዘው እሰየው። አንዲትን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የወንድሟ ጠባቂ አድርጎ ማሳደግ ግን አንዱን ልጅ ለማዳን ሌላውን መያዣ መስጠት ነው። ሲሆን ሲሆን ዕድር ምን ሊሠራ ነው የተቋቋመው? ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለሟች ቤተሰብ ገንዘብ ይሰጣል። በ4ኛው ቀን ልጁ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ሲል የሚገባው የዕድር ሰው አለ? እናቲቱ በሕይወት ሳለች በሳምንት አንድ ከሰዓት ሁለት ሰው ቢልክላት እኮ፣ ዓመት ሳይሞላ ቋንቋውን የሚችል ይወጣል። መዋጮ አይጠይቅም።

ይህን ለአንድ የዕድር ዳኛ አንስቼላቸው ነበር። «ደንባችን ስለ ሞት እንጂ ስለ ሕይወት አያወራም» አሉኝ እየሳቁ። ደንቡ ስንት ጊዜ እንደተሻሻለ ብጠይቃቸው፣ መዋጮ ሲጨመር፣ ድንኳኑ ሲቀየር፣ ወንበር ሲገዛ እያሉ አራት ጊዜ ቆጠሩልኝ።

እህትየው ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ሐዋሳ ከደረሰኝ እሄዳለሁ ብላለች። እናትየው እስካሁን መልስ አልሰጠቻትም።